ማስረሻን ክርስትና ያነሣሁ ዕለት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ያኔም መምህሩ ሲጠይቀኝ መልሱን እያወቅሁ ዝም የምል ልጅ ነበርኩ። አሁን የምኖርበት ቤት ልጅ ሐያት ደብተርና እስክሪብቶ ሰጥታኝ «አፍሽ እምቢ ካለ እጅሽ ይናገር» ስላለችኝ ነው የጀመርኩት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይኼ አራተኛው ነው።

ዝናሽ እባላለሁ። ነገሩ የሆነ ጊዜ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናትና አባቴን በልጅነቴ ስላጣሁ ያደግሁት ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር፣ አጎቴ ቤት ነው። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን እንግዳ ሲመጣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ካስተዋወቀ በኋላ እኔ ጋ ሲደርስ «ይቺም የወንድሜ ልጅ ናት» ብሎ ያልፈኛል። ሕፃን የምትይዝ ሴት ቢቸና ከተማ ትፈለጋለች ሲባል ማንም ሳይልከኝ ራሴ ተነሥቼ ሄድኩ።

የገባሁበት ቤት የእማማ የሺ ቤት ነው። እማማ የሺ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ትልቅ ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ይበልጣል አናጺ ነው። የይበልጣል ሚስት ሴት ልጅ ወልዳ በዚያው ቀን ሞተች። እማማ የሺ ሕፃኗን «ማስረሻ» አሏት፤ ሐዘን እንድታስረሳ። እኔ ስደርስ ማስረሻ የዐሥር ቀን ልጅ ነበረች። ጡጦውን አፏ ላይ ሳስጠጋው ፊቷን ታዞር ነበር። በአምስተኛው ቀን ጠባች፤ ጠብታ ጠጥታ ጣቴን ያዘችኝ። ከዚያ በኋላ ለደመወዝ የምሠራ መሆኔን ረሳሁት።

ይበልጣል የሚሠራው ሞጣ ስለነበር ቤት የሚመጣው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው። አንድ ቅዳሜ የኩሽናውን በር እየጠገነ ሳለ፣ እኔ ሕፃኗን አዝዬ ቆሜ ሚስማር አቀብለው ነበር።

«ዝናሽ፣ አንድ ነገር ብጠይቅሽ ትቆጫለሽ?»

«አልቆጣም ጋሼ።»

«ለማስረሻ እናት ብትሆኛት ምን ይመስልሻል?»

«አሁንስ ምን ሆኜ ነው?» አልኩት።

ምን እንዳልኩ የገባኝ እሱ መዶሻውን አስቀምጦ ሲስቅ ነው። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ሮጥኩ። ማታ «ጋሼ ማለቱን ተይው» አለኝ። ጋሼ ማለቱን ተውኩት፤ በስሙ መጥራቱ ግን አቃተኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብዬ ሳልጠራው ነው የማናግረው።

እማማ የሺ ነገሩን ከልጃቸው ሰምተው ጠሩኝ። «ስሚ፣ ዐውቄዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ልጅቷ ሰማንያ ቀኗ ይሙላና ክርስትና ትነሣ። ከዚያ ለአጎትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ሠርጉ የሟቿ ሙት ዓመት ሲወጣ ይሆናል። እስከዚያ ለጎረቤት ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ‘አፈሩ ሳይደርቅ’ ይሉናል» አሉኝ። ክርስትና የምታነሣትንም ሴት፣ አንዲት ጎረቤታቸውን፣ አስቀድመው ለምነው ጨርሰው ነበር።

በእኛ አገር ሕፃን ክርስትና ያነሣች ሴት ለሕፃኑ አባት አበልጅ ናት። አበልጅ እንደ እህት ነው፤ አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም። ይህን ከብት የሚጠብቅም ቅኔ የሚቆጥርም እኩል ያውቀዋል። እኔም ዐውቀው ነበር።

ማስረሻ በስድሳ ሦስተኛ ቀኗ ሳል ጀመራት። ቢቸና አሳይተናት ሽሮፕ ተሰጣት፤ አልተሻላትም። በስድሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ጡጦውን እምቢ አለች፤ ስትተነፍስ የጎድን አጥንቶቿ መሀል ገባ ወጣ ይላል። የሕፃናት ሐኪም ሞጣ አለ ተባልን፤ አባቷም እዚያ ነው። በዚያ ሰሞን አገሩ ሰላም ስላልነበረ መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ስልክም ኔትወርክ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ስለነበር ለይበልጣል ልንደውልለት አልቻልንም። እማማ የሺ መሄድ ስለማይችሉ ብቻዬን ተነሣሁ። በር ላይ የሕፃኗን ግንባር ሳሟትና እኔንም ጉንጬን ሳሙኝ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጡት እትዬ ዘሃራ ይባላሉ። የሞጣ ሰው ናቸው፤ ጨርቅ ነጋዴ። ገና ደብረ ወርቅ ሳንደርስ የሕፃኗን ትንፋሽ አዳመጡና «አምስት ወልጃለሁ፤ ይኼ የጉንፋን አይደለም። ቀና አድርገሽ ያዣት» አሉኝ። ሾፌሩን ደግሞ «አንተ! የተሸከምከው ድንች አይደለም፣ ጉድጓዱን እያየህ!» ይሉታል። እሱም «እትዬ፣ ጉድጓዱን ከተውኩ መንገዱ የታል?» ይላል። ሰው ይስቃል። እኔ ትንፋሽ እቆጥራለሁ።

ግንደወይን ስንደርስ ረዳቱ ወርዶ ተመለሰና «ከዚህ በላይ አይታለፍም» አለ።

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«ሲከፈት።»

«ትናንት የሄዱትንም ‘ሲከፈት’ ብላችሁ ነው ያሳደራችኋቸው» አለ አንድ ሰውዬ። ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀና ሄዶ ጥላ ሥር ተቀመጠ።

ከመንገዱ ዳር አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች። እትዬ ዘሃራ ጨርቃቸውን ለረዳቱ አደራ ሰጥተው ይዘውኝ ገቡ። ወጣቱ ሐኪም ደረቷን አዳምጦ መርፌ ወጋትና «የሳንባ ምች ነው። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ ኦክስጅን ያስፈልጋታል። ዛሬ ሞጣ መድረስ አለባት» አለ።

«ባትደርስስ?» አልኩት። አልሰማኝም። ድምፄ አልወጣም ነበር። እትዬ ዘሃራ ደገሙልኝ፦ «ባትደርስስ ትልሃለች።»

እሱም ጓንቱን እያወለቀ «መድረስ ነው ያለባት» አለ።

ወጥተን ግድግዳ ሥር ተቀመጥን። አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። የማስረሻ ከንፈር ጠቆረ። ትተነፍስና ታቆማለች። ስታቆም እኔም አቆማለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት… ስትጀምር እጀምራለሁ።

እትዬ ዘሃራ አንድ ነገር ለመናገር ሲፈሩ አየኋቸው። በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔ በእናንተ ነገር መግባቴ አይደለም። ክርስትና ተነሥታለች?» አሉኝ።

«ዐሥራ አራት ቀን ቀርቷታል።»

«እኔ ሞጣ ሰላሳ ዓመት አብራኝ የኖረች ክርስቲያን ጎረቤት አለችኝ። ልጇ ሳትነሣ ሞታባት፣ ፍትሐት የላትም ብለው ከቅጽር ውጭ ነው የቀበሩባት። እስከ ዛሬ ስታልፍ ያንን ቦታ ዐይታ ነው የምታለቅሰው እንጂ የልጇን ሞት እንኳ ረስታዋለች። ይኸውልሽ ቤተ ክርስቲያኑ፤ ከዚህ ይታያል። የታመመ ሕፃን ቀኑን አይጠብቅም፤ ተነሺ።»

ተነሣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመንገዱ በላይ፣ ከዛፎቹ መሀል ነው። እትዬ ዘሃራ በጃንጥላቸው ሕፃኗን ከፀሐይ እየጋረዱ እስከ ደጀ ሰላሙ አደረሱኝና እዚያ ቆሙ። እኔ ገባሁ። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ከአንድ ዲያቆን ጋር ዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያወራሉ።

«አባቴ፣ ሕፃን ልትሞት ነው።»

«ምን አልሽ? ጮክ በዪ ልጄ።»

ነጠላውን ገልጬ አሳየኋቸው። ቄሱ ፊቷን ሲያዩ ለዲያቆኑ «ውሃ አምጣ፣ ቶሎ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «እናቷ ነሽ?» አሉኝ።

«ሠራተኛ ነኝ። እናቷ ሞታለች።»

«ክርስትና የምታነሣትስ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ከመንገድ ስወጣ፣ አቀበቱን ስወጣ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልጅቷን ብቻ ነበር የማስበው።

«አንድ ጊዜ አባቴ» ብዬ ሕፃኗን እንዳቀፍኩ ወደ በሩ ሮጥኩ። የሥራ ቀን ነው፤ ደግሞ በዚያ ሰሞን ሰው ከቤቱ አይወጣም። ጧፍ የሚሸጡ አንዲት ሴት አሉ። ተንበርክኬ ለመንኳቸው። ማስረሻን ዐዩዋት፤ ዐይናቸው ወዲያው እንባ ሞላ።

«ልጄ፣ ሁለት አንሥቼ ሁለቱንም ቀብሬያለሁ። ሦስተኛ አልችልም። ማርያምን አልችልም።»

ከቅጽሩ ውጭ ድንጋዩን የምትሳለም አንዲት ወጣት አለች። ወደ እሷ ሄድኩ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ አንገቷን ደፋች። «ከውጭ የምሳለመው እኮ መግባት ስለማልችል ነው፤ ዛሬ አልችልም እህቴ» አለችኝ። ሴት ስለሆንኩ ገባኝ።

እትዬ ዘሃራ ሁሉንም ያያሉ። «አላህ ያውቃል፣ እኔ ብሆንላት በወደድኩ! ግን እኔ ባነሣት ቄሱ እኔንም እሷንም ያባርሩናል» አሉ፤ ሊያስቁኝ ፈልገው ነው፤ ድምፃቸው ግን ተሰበረ። ከዚያ «አንቺስ ልጄ? አንቺ ምን አለብሽ?» አሉኝ።

ምን እንዳለብኝ ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ማስረሻ እቅፌ ውስጥ መተንፈስ አቆመች። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት… ጀመረች። ተመልሼ ገባሁ።

«እኔ አነሣታለሁ አባቴ።»

ቄሱ አተኩረው አዩኝ። ብዙ ሰው ያየ ዐይን ነበራቸው። «ከአባቷ ጋር የሚያገናኝሽ ነገር አለ?»

«ሽማግሌ አልተላከም» አልኩ።

 ዲያቆኑ ውሃውን ሲያስቀምጥ ቄሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ ዐውቀሽ ግቢበት። ዛሬ ካነሣሻት ለአባቷ አበልጅ ነሽ። እንደ እህቱ ነሽ። ነገ ሽማግሌ ቢላክ ይኼ አይፈታም።»

«ሕፃኗ ብትሞትስ?»

«ብትሞትም።»

ይህን የጠየቅሁት ለምን እንደሆነ ለረጅም ጊዜ ለራሴ መመለስ ፈርቼ ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ። ከሞተች ነገሩ ይፈታ እንደሆነ ለማወቅ ነው የጠየቅሁት። እዚያ ቦታ ላይ፣ እሷን አቅፌ፣ ልቤ ይህን አሰበ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቄሱ ጸሎቱን አሳጥረው ጀመሩ። ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞሩኝና «በእሷ ፋንታ በዪ፤ ሰይጣንን እክዳለሁ» አሉኝ።

«ሰይጣንን እክዳለሁ።»

«እኔ አልሰማሁሽም፤ ሰይጣን እንዴት ይስማሽ?»

«ሰይጣንን እክዳለሁ!» አልኩ። የራሴን ድምፅ ከዛፎቹ ሲመለስ ሰማሁት። በዕድሜዬ እንዲያ ጮኬ አላውቅም። ወደ ምሥራቅ ዞሬ አምናለሁ አልኩ። ወለተ ሥላሴ ተባለች። ውሃው ሲነካት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ድምፅ አሰማች፤ የድመት ግልገል እንደምታሰማው። ቅብዓ ሜሮን ተቀባች፤ ማተብ አንገቷ ላይ ታሠረ። ቄሱ ሕፃኗን ከውሃው አንሥተው እጄ ላይ አኖሯት። አሥር ደቂቃም አልፈጀም። ይዤያት ስገባና ይዤያት ስወጣ ያው ልጅ ነበረች። እኔ ግን ያቺ አልነበርኩም።

መንገዱ የተከፈተው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ነው።

እትዬ ዘሃራ ከፊት የቆመ የአይሱዙ ሾፌር ለምነው ጋቢና አስገቡን። ከሰዓት በኋላ ሞጣ ደረስን። ሆስፒታል ኦክስጅን ተደረገላት፤ መድኃኒት በእጇ ገባላት። ሐኪሟ «በሰዓቱ ነው የመጣሽው» አለችኝ። እትዬ ዘሃራ ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ይበልጣልን ፍለጋ ሄደው አገኙት። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ እንዳለ ሮጦ መጣ። ለሁለት ቀን አንዳችን ካንዳችን አልተነጋገርንም፤ ሁለታችንም ያቺን የኦክስጅን ቧንቧ ስናይ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጡጦ ጠባች።

ያን ጊዜ ነው ማተቡን ያየው። ልብሷን ሊያስተካክልላት ጎንበስ ሲል ጣቱ ነካው።

«ክርስትና ተነሥታለች?»

«ግንደወይን። ልትሞት ነበር።»

«እሰይ! እሰይ ዝናሽ! ማን አነሣት?»

ዝም አልኩ። ወለሉን አየሁ። የዝምታዬን ዓይነት ያውቀዋል። እጁን ከሕፃኗ ላይ ቀስ ብሎ አነሣ።

«ሌላ ሴት አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ወጥቶ ሄደ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ከአጠገቤ ቁጢጥ አለ። «ማን ያውቃል?» አለኝ በሹክሹክታ። «ቄሱ ስምሽን እንኳ አያውቁም። እኛ ቢቸና፣ እሳቸው ግንደወይን። ማተቡን እንፈታዋለን። እናቴ እንዳዘጋጀችው በሰማንያ ቀኗ ጎረቤታችን ታንሣት።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።» ይህን ሲል እኔን አላየኝም።

ጥምቀት አንዲት ናት። ሁለተኛ ማጥመቅ ትልቅ ኃጢአት መሆኑን እሱም ያውቃል። እትዬ ዘሃራ ማታ ሾርባ ይዘውልን ሲመጡ ፊቴን ዐይተው አስለፈለፉኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «‘አንቺ ምን አለብሽ’ ያልኩሽ እኔ! እኔ አልኩሽ!» አሉና አለቀሱ። በኋላ «አፌ ቁልፍ ነው። ብትናገሪም ባትናገሪም አልፈርድብሽም» አሉኝ።

በሰባኛ ቀኗ ተሽሏት ወደ ቢቸና ተመለስን። ደብረ ወርቅ መኪናው ሲቆም ማተቡን ከአንገቷ ፈታሁት። ይበልጣል አልፈታውም፤ እኔ ነኝ የፈታሁት። በመሀረቤ ቋጥሬ ጉያዬ ከተትኩት። እሱ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ያያል። የምፈልገው ከባድ ነገር አልነበረም። ሰው ሲመጣ ስሜ እንዲጠራ ነበር የምፈልገው፤ «የይበልጣል ባለቤት፣ ዝናሽ» እንዲባል።

እማማ የሺ ለክርስትናው ጌሾ ወቅጠው፣ ጠላ ጠንስሰው ጠበቁን። ሁለት ቀን ዋሸሁ። ይጠይቁኛል፤ «ድናለች እማማ» እላለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ይበልጣል ከበሩ ዘንድ እንጨት እየላገ፣ እንዲህ አሉኝ፦

«እናንተ በሄዳችሁ ቀን ምን ብዬ ስለምን እንደዋልኩ ታውቂያለሽ? ‘አድናት’ አላልኩም። አፈርኩ፤ እናቷን አድናት ብዬ እምቢ ብሎኝ ነበርና። ‘ሳትጠመቅ ብቻ አትውሰዳት’ ነው ያልኩት። ሰማያዊ አባት ከነጭራሹ አተረፈልኝ። ያን ብቻ ነበር የለመንኩት።»

እጄ ሳላዘው ጉያዬ ገባ። መሀረቡን ፈትቼ ማተቡን ጭናቸው ላይ፣ ከሕፃኗ እግር አጠገብ አኖርኩት።

«ልመናዎ ተሰምቷል እማማ። ያን ቀን ነው የተነሣችው። ያነሣኋት እኔ ነኝ።»

የይበልጣል መላጊያ ቆመ። እማማ የሺ ማተቡን አንሥተው አገላብጠው አዩት።  ከዚያ የልጅቷ አንገት ላይ መልሰው አሠሩት፤ ሕፃኗንም ለልጃቸው ሰጡት። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡና ማስታጠቢያ አመጡ።

«እጅሽን ታጠቢ።»

«እማማ፣ እኔ ላምጣ…»

«ተቀመጪ። አበልጅ አይታዘዝም። እዚህ ወንበሩ ላይ ውጪ።»

እንግዳ የሚቀመጥበት ላይ አስቀመጡኝ። አጎንብሰው አስታጠቡኝ፤ ምሳ አቀረቡልኝ፤ አጎረሱኝ። ሲያጎርሱኝ እንባቸው እጃቸው ላይ ይወርዳል። ሰው እንዲያ አክብሮኝ አያውቅም። ምን እየሆነ እንደሆነ ግን ገብቶኝ ነበር።

«እማማ፣ እንደ ድሮዬ ልኑር። ሕፃኗን ልያዝ። ሌላ ምንም አልጠይቅም።»

«እንዴት ብዬ ልጄ? ነገ የልጄን አበልጅ ‘ውሃ ቅጂ’ ልበል? በደመወዝ ላሳድርሽ? አገር ይሰማል። ደግሞ ሚስቱ የሞተችበት ጎልማሳ ቤት አበልጁ ብታድር ሰው ምን ይላል? ዝናሽ፣ ከፍ አልሽብን። የማስቀምጥሽ ቦታ የለኝም።»

ይበልጣል ሕፃኗን እንዳቀፈ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። አሁን ሞጣ እትዬ ዘሃራ ቤት ነኝ፤ ሱቃቸው ውስጥ ጨርቅ እለካለሁ። ሐያት ልጃቸው ናት። ሶሺዮሎጂ የሚባል ትምህርት ስታጠና ጮክ ብላ ስታነብ እሰማለሁ። ሰው በኅብረተሰብ ውስጥ ሚና አለው ይላል፤ ልጅ፣ ሚስት፣ እናት፣ ሠራተኛ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሸጋገር ሥርዓት ይደረግለታል። «አንድ ሰው በአንድ ቀን ከሁሉም የወጣ እንደሆነስ ምን ይለዋል?» አልኳት። መጽሐፉን ገለጠች፤ ገለጠች፤ ከዚያ ዘጋችው። ከሁለት ያጣ ይላሉ። እኔ ሠራተኛም፣ ሚስትም፣ እናትም መሆን ያጣሁት በአንዲት የጥምቀት ውሃ ነው። የተረፈኝ ክብር ነው፤ በክብር ላይ ደግሞ አይታደርም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መልካም ሥራ ሠራሽ ትሉኝ ይሆናል። እኔ አላውቅም። ሁለት ሦስት ሰዓት ብታገሥ መንገዱ ይከፈት ነበር። ልጅቷን ያዳናት መድኃኒቱ ነው፤ ሳትነሣም ትድን ነበር። በሰማንያ ቀኗ ጎረቤቷ አንሥታት እኔ ዛሬ ቢቸና ነበርኩ። አንዳንድ ቀን ጨርቅ እየለካሁ ይህ ይመጣብኝና የክንዱ ቁጥር ይጠፋብኛል፤ እንደገና ከመጀመሪያው እለካለሁ። ደግሞ ሌላ ቀን ያቺ ሰባተኛ ቁጥር ትመጣብኛለች፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፤ ስምንት ብትሆንስ ኖሮ? በዚያች ሰዓት መንገዱ መከፈቱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሰው ሲፈርድባችሁ ወይም በራሳችሁ ስትፈርዱ፣ በኋላ ያወቃችሁትን ይዛችሁ አትፍረዱ። የምመክራችሁ ይህን ብቻ ነው፤ እኔ ራሴ ግን ገና አልቻልኩትም።

ይበልጣል ሙት ዓመቱ ሲወጣ አግብቷል። ለሠርጉ ተጠርቼ ከከበሩት ጋር ተቀምጫለሁ። ሚስቱ ደግ ናት። ማስረሻ እሷን እማዬ ትላታለች። እሱም ሲያገኘኝ «አበልጄ፣ እንዴት ከረምሽ» ይለኛል፤ እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ይህ የአበልጅ ሰላምታ ነው። ይበልጣል ራሱ፣ ያ ሚስማር የማቀብለው ሰው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ያናገረኝ ግን ከቢቸና በወጣሁ ጠዋት ነው።

ልብሴን በፌስታል ይዤ መናኸሪያ ቆሜ ነበር። እናቱ አዝዘውት ሊሸኘኝ መጣ። ማስረሻን አቅፏታል፤ ታለቅሳለች። አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ትከሻው ያዞራታል፤ እምቢ ትላለች። እጄን ልዘረጋ ብዬ ሰው ሲያየን መለስኩት። መኪናው ሞላ፤ ረዳቱ ግቢ አለኝ። እግሬን ሳነሣ ይበልጣል ጠጋ አለና፣ ዐይኑን ከሕፃኗ ላይ ሳያነሣ እንዲህ አለኝ፦

«የምትተኛው በየትኛው ትከሻሽ ነበር? ለምትመጣዋ እንድነግራት ነው።»